ሳይጠጡ በክብር የመቀመጥ ባህል

የሰው ልጅ ካደረጋቸው ታላላቅ ጉዞዎች መካከል የእኛ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ የልኡካን ቡድን ወደ አንዲት የእንግሊዝ ትንሽ ከተማ ያደረገው ጉዞ እስካሁን ተገቢውን ስፍራ አለማግኘቱ ዘወትር ያንገበግበኛል። ቡድኑ ሁለት አባላት ነበሩት። አንደኛው የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ኒቆዲሞስ ናቸው፤ ሁለተኛው ጸሐፊያቸው እኔ ነኝ። ለሁለት ሰው "ከፍተኛ" መባል ይበዛበታል ያሉ ምቀኞች በሐረር አልጠፉም። አውሮፕላኑ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደበረረ ያላዩ ሰዎች ናቸው።

የጉዞው ዓላማ በአቶ ኒቆዲሞስ አነጋገር "ሐረር ከእህት ከተማዋ ምርጥ ተሞክሮዎችን ቀስማና ቀምራ ዘርፈ ብዙ ተጠቃሚ እንድትሆን ማስቻል" ነበር። የእህቲቱን ስም አልጠቅስም፤ ለአማርኛ አፍ ይጎረብጣል። ደግሞም ከደረስንበት እስከተመለስንበት ቀን ዝናቡ ስላላባራ እህታችንን በደንብ አላየናትም። ያየነው ከዝናቡ የተጠለልንበትን ቤት ብቻ ነው። ፐብ ይሉታል፤ የእንግሊዞች ነባር መጠጥ ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ምንጣፍ የለበሰ፣ ግድግዳው ላይ የፈረስ ጌጥ የተሰቀለበት፣ ጥግ ላይ እሳት የሚነድበትና እሳቱ ሥር አንድ ያረጀ ውሻ የሚያንኮራፋበት ቤት ነው። አቶ ኒቆዲሞስ ገና ሲገቡ የበሩ ጉበን ግንባራቸውን መታቸው።

"ጻፍ" አሉኝ ግንባራቸውን እያሻሹ። "እንግዳ ጎንበስ ብሎ እንዲገባ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ትሕትናን በግንባታ!"

ጻፍኩ። ከዚያ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ማንም አልመጣም። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ይጠጣሉ፣ ይስቃሉ፤ የእኛ ጠረጴዛ ግን ደረቅ ነው። በእኛ ሀገር አስተናጋጅ ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ ሕፃንም ያውቃል፤ ይጨበጨባል። አቶ ኒቆዲሞስም ኮታቸውን አስተካክለው ሁለቴ አጨበጨቡ።

ቤቱ ሁሉ አብሯቸው አጨበጨበ። ለምን እንደሚያጨበጭብ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አንዲት አሮጊትማ ብድግ ብለው ጭምር ነው ያጨበጨቡት። አቶ ኒቆዲሞስ ምን ያድርጉ? ተነስተው እጅ ነሱና ተቀመጡ። መጠጥ ግን አልመጣም።

"ክቡር ኃላፊ" አልኳቸው፣ "ሰዎቹ ባንኮኒው ድረስ እየሄዱ ራሳቸው የሚያዙ ይመስለኛል።"

"እነዚያ የባለቤቱ ዘመዶች ናቸው።"

"ሁሉም?"

"ከተማዋ ትንሽ ናት ተብለን የለም እንዴ?"

"እንዲያው አንዱን ብጠይቀውስ?"

"ተው!" አሉኝ በሹክሹክታ፣ እጄን አፈፍ አድርገው። "ልኡክ የሚላከው ሊያይ እንጂ ሊጠይቅ አይደለም። የሐረር ሰው መጠጥ ማዘዝ እንኳ አያውቅም ልታስብለን ነው? ዝም አይነቅዝም!"

እውነት ነው፣ ዝምታችን አልነቀዘም። ጉሮሯችን ግን ደረቀ። ማምሻውን የቤቱ ባለቤት፣ ሚስተር ኖርማን የሚባል ጢማም ሰው፣ ባንኮኒው ላይ የተሰቀለች ትንሽ ደወል ደወለ። የመጨረሻ መጠጥ የሚያዝ ካለ ይዘዝ ማለቱ ነበር፤ ሰዉም ወደ ባንኮኒው ተመመ። ይህን በጊዜው ማን ነግሮን? እኛ ደወል ሲሰማ ብድግ ማለት የለመድን ሰዎች ነን። ተነሳን፤ ባርኔጣችንን አውልቀን አንገታችንን ደፍተን ቆምን። ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ ሲመለስ እኛ አማትበን ወጣን።

በማግስቱ ተመለስን፤ በሚቀጥለውም። ውጭ ዝናብ ነው፣ ሌላ መሄጃ የለም። በየማታው ኮታችንን ቆልፈን፣ ቀጥ ብለን፣ ሳንጠጣ እንቀመጣለን። ሚስተር ኖርማን ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ በጥልቅ አክብሮት ይመለከተናል። እንግሊዝ ደግሞ የማያውቀውን ሰው ጉዳይ መጠየቅ ነውሩ ነው አሉ። እሱም አልጠየቀንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። በሁለት ሕዝቦች መካከል እንዲህ ያለ መከባበር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሐረር እንደተመለስን አቶ ኒቆዲሞስ ባለድርሻ አካላትን አዳራሽ ሰብስበው ግኝታቸውን አቀረቡ። "በነባር የእንግሊዝ ፐብ" አሉ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው፣ "መጠጥ አለ፤ ነገር ግን አይቀርብም! ሠለጠነ የተባለ ሕዝብ መጠጥ ቤት የሚሄደው ሳይጠጣ በክብር ለመቀመጥ ነው!"

መምህር ኪሩቤል የሚባል የእንግሊዝኛ አስተማሪ እጁን አወጣ። "ታዲያ ክቡር ኃላፊ፣ መጠጡ ለምን ተቀመጠ?"

"ለፈተና!" አሉ አቶ ኒቆዲሞስ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መምህር ኪሩቤል ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ አልተጠራም።

ተሞክሮው በሙከራ ደረጃ እንዲተገበርበት የተመረጠው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት ያለው የእትዬ ብዙነሽ ግሮሰሪ ነው። ምርጫው ጥናት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ቤቱ ከመሥሪያ ቤታችን የተከራየችው ስለሆነ እምቢ ማለት አይቻልም። እትዬ ብዙነሽ የተወለደችው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። ቤቱን የከፈቱት እናቷ ናቸው። እሷም ልጆቿን ያስተማረችው፣ እናቷን የቀበረችው በዚያው ቤት ገቢ ነው። ምላሷ ስለት ነው፤ ቢራዋ ቀዝቃዛ፣ ጥብሷ የተመሰገነ። አስተናጋጇ ብሌን ደግሞ ገና ወንበር ሳትስብ ምን እንደምትጠጣ ታውቃለች። ከሥልጣኔ አንጻር ሲታይ ብዙ የሚቀረው ቤት ነበር።

"ወይዘሮ ብዙነሽ" አሏት አቶ ኒቆዲሞስ፣ "ወይ ይህ ቤት ፐብ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ፐብ ለሚያደርገው ሰው ይሰጣል።"

እትዬ ብዙነሽ የያዘችውን መወልወያ ጨርቅ ባንኮኒው ላይ ጣለች። "ምን ላድርግ ታዲያ?" አለች።

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ምንም ማለት ምንም። ብሌን ወደ ጠረጴዛ አትሄድም። የሚጠጣ ነገር አይቀርብም። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይከበራል፣ ይወጣል።"

"እኔስ ምን በልቼ ላድር?"

"እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚታይ ነው" አሉ አቶ ኒቆዲሞስ።

ሥራው በተቀመጠው አቅጣጫ መሠረት በላቀ ፍጥነት ተጀመረ። የበሩ ጉበን የሰው ግንባር እንዲመታ ተደርጎ ዝቅ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ከተማው ውስጥ ግንባሩ ያላበጠ ሠራተኛ ለአለቃው ታማኝ አይደለም እስኪባል ተደረሰ። ግድግዳው ላይ ከጋሪ ፈረስ የተወሰደ ልጓምና ቃጭል ተሰቀለ። ጥግ ላይ የእሳት ምድጃ ተሠራ፤ ጭስ ማውጫው በበጀት እጥረት ወደሚቀጥለው ዓመት ተዛወረ። እሳቱ ሥር የሚተኛውን ውሻ ያበረከቱት የቤቱ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ሻምበል ሀብተወልድ ናቸው። ውሻው ግን ሙቀቱንም ጭሱንም ስላልቻለው በሦስተኛው ቀን ጠፍቶ ኤረር በር ተገኘ። ደወል ከቤተ ክርስቲያን ለመዋስ ቢጠየቅም ካህናቱ እምቢ ስላሉ የመኪና ቸርኬ ተሰቅሎ በብረት እንዲመታ ተወሰነ። ቸርኬው ሲመታ ሁሉም ተነስቶ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

የጭብጨባው መመሪያ ግን ከሁሉም ያምር ነበር። አንድ ሰው ካጨበጨበ ቤቱ ሁሉ አብሮ ማጨብጨብ አለበት፤ ብሌን ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አትልም። ሻምበል ሀብተወልድ በመጀመሪያው ቀን በልማዳቸው አጨበጨቡ። ቤቱ አጨበጨበ። ሻምበል ግራ ገብቷቸው ደግመው አጨበጨቡ። ቤቱ ይበልጥ አጨበጨበ። ከውጭ ያሉት የባጃጅ ሾፌሮች ሠርግ መስሏቸው ጥሩምባ ነፉ።

"ብሌን!" አሉ ሻምበል ላብ በላብ ሆነው። "ኧረ በእመቤቴ! አንድ ቢራ!"

"ሻምበል፣ አቦ አያስቸግሩኝ" አለች ብሌን ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ብመጣ ከሥራ ያባርሩኛል።"

"ብዙዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው? የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ አይደል እንዴ የሚባለው?"

"በሬውን ጠምደውታል፣ ሻምበል" አለች እትዬ ብዙነሽ። "ዝም ብለው ይከበሩ።"

ደንበኛው ለጥቂት ቀናት ተከበረና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው፣ ወዳልሠለጠነው ቤት ሄደ። ታማኝ ሆነው የቀሩት ሻምበልና በትእዛዝ የሚመጡት የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። እትዬ ብዙነሽ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። አንድ ቀን ጓዳ ጠርታ ፍሪጁን ከፍታ አሳየችኝ፤ ቢራው ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ በረዶ ለብሷል። "እናቴ ከመቃብር ብትነሳ ምን እላታለሁ?" አለችኝ። ይሁንና ሐዘኔታ ከመመሪያ በላይ ሊሆን ስለማይችል ፍሪጁን ዘግቼላት ወጣሁ።

በዚህ መሐል ታላቁ ዜና መጣ። ሚስተር ኖርማን፣ የፐቡ ባለቤት ራሱ፣ በሐረር ሰዎች አቀማመጥ ስለተማረከ ከተማችንን ሊጎበኝ እንደሚመጣ በእህት ከተማዋ አስተዳደር በኩል በኢሜይል አሳወቀ። አቶ ኒቆዲሞስ ከደስታ ብዛት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ደግመው ተቀመጡ። ወዲያው ለፊርማ የሚሆን የመግባቢያ ሰነድ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ።

እትዬ ብዙነሽ ይህን ሰምታ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። "የኔ ጌታ" አለችኝ እጄን ይዛ፣ "ነጩ ቤቱን ከወደደው፣ እኔ ቤቴን እንደማልለቅ የሚል ቃል አስገባልኝ። ሌላ አልለምንህም።" አስገባሁላት። አለቃዬ ረጅም ሰነድ ይወዳሉ፤ በጣም ስለሚወዱትም አያነቡትም። እሷም በበኩሏ ሰነዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳነብላት አደረገች፤ አንዲት አንቀጽ ላይ ስንደርስም "እስቲ እሷን ድገምልኝ" አለችኝ።

ሚስተር ኖርማን ከድሬዳዋ ሙቀት ሽቅብ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በሩ ላይ ግንባሩን ተመታ። ይህን ጊዜ አቶ ኒቆዲሞስ የእንኳን ደህና መጡ ጭብጨባ አጨበጨቡ፤ ቤቱ በመመሪያው መሠረት አጨበጨበ፤ እንግዳው የእኛ ወግ መስሎት አጨበጨበ፤ የእሱ ጭብጨባ ደግሞ አዲስ ጭብጨባ ስለሆነ ቤቱ እንደገና ማጨብጨብ ነበረበት። እጃችን እስኪግል ድረስ ማንም ማቆሚያውን ማግኘት አልቻለም። በመጨረሻ ሻምበል ሀብተወልድ ቸርኬውን በብረት መቱትና ሁላችንም ተነስተን አንገታችንን ደፋን።

ከዚያ ተቀመጥን። ምድጃው ይነድዳል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ብሌን ባንኮኒው ላይ እንደ ሐውልት ቆማለች። ከኋላዋ የፍሪጁ መስታወት ላብ ያንጠባጥባል። የእንግዳው ዓይን ከዚያ መስታወት አልነቀል አለ፤ የአቶ ኒቆዲሞስም እንዲሁ።

"ምን አለ?" ይላሉ አቶ ኒቆዲሞስ እንግዳው ባጉረመረመ ቁጥር።

"ድንቅ ነው አለ" እላለሁ። ያለው ግን "አምላኬ ሆይ" ነበር።

አቶ ኒቆዲሞስ ንግግር አደረጉ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ብለው ጀመሩና "ጠጅ" ሲሉ ድምፃቸው ተቆረጠ። ምራቅ ፈልገው ሲያጡ ንግግሩን አሳጥረው ወደ ፊርማው ገቡ። አንደኛው አንቀጽ "ፈራሚዎች ሳይጠጡ በክብር የመቀመጥን ባህል በማናቸውም ጊዜና ስፍራ ሊያከብሩ ተስማምተዋል" ይላል። የመጨረሻው "ቤቱ ለዘለቄታው በወይዘሮ ብዙነሽ እጅ ይቆያል" ይላል። አቶ ኒቆዲሞስ ፈረሙ። እንግዳው ፈረመ። እኔም የልኡኩ አባል ነኝና ከሥር ፈረምኩ። ማኅተሙ ዱብ ሲል እትዬ ብዙነሽ ሰነዱን አንስታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

እንግዳው ግንባሩን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። "እባክህ ለኃላፊው ንገርልኝ" አለኝ በእንግሊዝኛ። "በሀገሬ በየማታው ሳይጠጡ ሲቀመጡ ሳይ ይህ ባህላቸው ነው ብዬ በጣም አከበርኳቸው። ዛሬ እኔም አከበርኩት። ግን እንዴት ነው የምትችሉት?"

ተረጎምኩላቸው።

"የማን ባህል?" አሉ አቶ ኒቆዲሞስ። "የእነሱ ነው እንጂ! ማንም አልቀዳልንም እኮ!"

ተረጎምኩለት።

"አላዘዛችሁማ!" አለ እንግዳው። "ባንኮኒው ጋ መጥቶ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሃይማኖታችሁ መስሎኝ ነው!"

ይህን ስተረጉም ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። አቶ ኒቆዲሞስ ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ሻምበል ሀብተወልድ ግንባራቸው ላይ ያለውን እብጠት በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

"ምንድነው የሚለው?" አለች እትዬ ብዙነሽ። "ደግመህ ንገረኝ።"

ደግሜ ነገርኳት።

"እና እናንተ ሰው ቤት ገብታችሁ 'መጠጥ ስጡን' ማለት አፍራችሁ፣ እኔ ሐብሌን ሸጥኩ?"

እትዬ ብዙነሽ ደረቷ ውስጥ ያለውን ሰነድ መታ መታ አደረገችው። "ተፈርሟል አይደል?"

"ተፈርሟል" አልኳት።

"ማኅተምም አለው?"

"አለው።"

"ብሌን! ፍሪጁን ክፈቺ!"

የሆነውን ደስታ እንዴት ብዬ ልግለጸው! ብሌን ከባንኮኒው ጀርባ በርራ ወጣች። ጠርሙስ ከጠርሙስ ተንኳኳ፣ ቆርኪ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ አንዱ ምድጃው ላይ ውኃ ደፋበት፣ ሌላው መስኮት በረገደ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ገቡ፤ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ደንበኞች ብርጭቋቸውን ጥለው ተሻገሩ። ሻምበል ሀብተወልድ የመጀመሪያውን ጠርሙስ በቁማቸው ጨርሰው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ብሌን ወደ እኛ ጠረጴዛ ሦስት ቢራ ይዛ ስትመጣ እትዬ ብዙነሽ መንገድ ዘጋችባት።

"ለእንግዳው ስጪው። እሱ ሀገሩ ሲገባ ይታቀባል" አለች። "እነዚህን ሁለቱን ግን እንዳትነኪያቸው። ባህላቸው ነው።"

"ወይዘሮ ብዙነሽ..." አሉ አቶ ኒቆዲሞስ።

"በማናቸውም ጊዜና ስፍራ ይላል። እኔ አይደለሁም የጻፍኩት፣ አቶ ኒቆዲሞስ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ።"

አቶ ኒቆዲሞስ መጠጡን እንደማይፈልግ ሰው ሳል ሳል ብለው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። መንገዱን ተሻግረን ማዶ ገባን። የዚያ ቤት ባለቤት ከመቀመጫው ተነስቶ እጅ ነሳን። "እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ፣ "ለእናንተስ ምንም አላቀርብም፤ ነውር ነው፤ ሰምቻለሁ።" ከዚያም የገባንበት ቤት ሁሉ ወሬው ቀድሞን ደርሶ፣ ወንበር እየተሳበልን፣ አቧራው እየተራገፈልን፣ ጠረጴዛው ግን ባዶውን ተቀበለን። በማግስቱ ኤረር በር አጠገብ የማንጎ ጭማቂ የምትሸጠው ሐሊማ ዘንድ ሄድን፤ እዚያስ ወሬው አልደረሰ ይሆናል ብለን ነው።

"ወላሂ ለእናንተ አልቀዳም" አለች ሐሊማ ብርጭቆውን ወደ ኋላዋ እየደበቀች። "ሐራም ይሆንብኛል። ነዝር ነው፣ ለአላህ የገቡት ስለት ነው አሉኝ።"

"ነዝር አይደለም!" አሉ አቶ ኒቆዲሞስ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። "እኔ ጠምቶኛል!"

"ማሻ አላህ" አለች ሐሊማ በአድናቆት። "ጠምቷቸውም አይጠጡም።"

እነሆ አሁን አቶ ኒቆዲሞስ ለሌላ የልምድ ልውውጥ ጉዞ መነሻ ጥናት እያዘጋጁ ነው። የልኡካን ቡድኑ እንደ ወትሮው ከፍተኛ ነው፤ ሁለት ነን። መዳረሻው ገና አልተወሰነም፤ በጥናቱ የተቀመጠው መስፈርት አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የሚያውቀን ሰው የሌለበት ከተማ መሆኑ ነው።